«የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» ብላችሁ ከቆጠራችሁን፣ ደመወዛችንንም ቁጠሩልን

ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

በድሬዳዋ የሥራ፣ የሠራተኛና የኢንቨስትመንት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ግልባጭ፦ ለከተማችን ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ስለ ሰርቪስ መቋረጥ፣ ስለ ደመወዝ እና ስለ ሥራ ዕድል አቆጣጠር

ጤና ይስጥልን። የምንሠራው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በመስከረም ወር የሠራተኛው ሰርቪስ እንዲቆም ተወሰነ። ማስታወቂያው በሩ ላይ የተለጠፈው በእንግሊዝኛ ስለነበር አንብቦ የነገረን የጥበቃ ሠራተኛው ነው (የአካውንቲንግ ዲግሪ አለው፤ ወደ እሱ ጉዳይ እመለሳለሁ)። በአውቶቡሱ ፈንታ በወር 300 ብር የትራንስፖርት አበል ይታሰብላችኋል ይላል።

ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አቤት አልን። «ነገ ተመለሱ» ተባልን፤ ተመለስን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሦስተኛ ስንሄድ «ሰርቪስ የአሠሪው በጎ ፈቃድ ነው፣ ሕግ አያስገድደውም፤ ሥራ ማግኘታችሁንም አትርሱ» የሚል መልስ በቃል ተሰጠን። በዚያው ሰሞን አንድ አዳራሽ ተጠርተን የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲነበብ ሰማን። የእኛ ፋብሪካ ሰፊ የሥራ ዕድል ከፈጠሩት መካከል ስሙ ተጠራ፤ ተጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ወደ ቤታችን በእግር ስንመለስ ነው ነገሩ የከነከነን። ይህ ደብዳቤ ከዚያ መንገድ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው አቤቱታችን ስለ አቆጣጠሩ ነው።

እኔ በኦፕሬተርነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ ላይን (የስፌት መስመር) 28 ማሽን አለ። ከ2017 መስከረም እስከ ዘንድሮ መስከረም ያለውን የመገኘት መዝገብ ይዤ ስም በስም ቆጠርኩ፤ በእነዚያ 28 ወንበሮች ላይ በእኛ ፈረቃ ብቻ 61 ሰው ተቀምጦባቸዋል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ስሙ ለሪፖርት ይላካል። ሲወጣ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ 28 ማሽን ወረቀት ላይ 61 የሥራ ዕድል ይሆናል ማለት ነው። ማሽኑ አልጨመረም፣ ወንበሩ አልጨመረም፣ የጨመረው የተማረረው ሰው ቁጥር ነው።

ከ61ዱ አንዷን ላንሳ። ከጉርሱም የመጣች የ20 ዓመት ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አንገትጌ ስትሰፋ ለማየት ሱፐርቫይዘሮች ይቆሙ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እሷን በ58ኛው ቀን «የሙከራ ጊዜሽን አላለፍሽም» ብለው አሰናበቷት። ከአሥር ቀን በኋላ ስልክ ተደውሎላት ያው ማሽን ላይ፣ ያው ሥራ ላይ «አዲስ ተቀጣሪ» ሆና ገባች። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ ዳግመኛ ሲቀጠር የሙከራ ጊዜ እንደማይኖረው ይናገራል። እሷ ይህን አታውቅም፤ የፈረመችው ውል በእንግሊዝኛ ነው። እቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን የለመደችው እዚሁ ላይን ላይ ነው። ሁለተኛ ስትገባም የሥራ ዕድል ተፈጥሮላታል ተብላ ሳትቆጠር አልቀረችም። አንዲት ልጅ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት የሥራ ዕድል።

አሁን ወደ ደመወዙ። ሒሳቡን የማቀርበው በራሴው ፔሮል ነው፤ የሌላ ሰው ገበና አላወጣም።

የስድስት ዓመት ኦፕሬተር ሆኜ ደመወዜ 3,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 224 ብር ይቀነሳል። ግብሩ 180 ብር ነው። እጄ ላይ የሚደርሰው 2,796 ብር ይሆናል። 300 ብር አበሉን ደምሩበት፣ 3,096። ከሳቢያን ፋብሪካ ድረስ በባጃጅ ደርሶ መልስ 30 ብር፣ በወር 26 ቀን 780 ብር። አራት ሆነን በተከራየናት አንድ ክፍል ድርሻዬ 750 ብር ነው። የሚቀረኝ 1,566 ብር፣ በቀን 52 ብር ነው። እኛ ሰፈር አንድ እንጀራ 20 ብር ይሸጣል። ወጥ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ የሞዴስ፣ ለእናት የሚላክ፣ ሁሉም ከዚያችው 52 ብር ነው። ምሳ ፋብሪካው ስለሚያበላን ነው ቆመን የምናያችሁ።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። ባለፈው ክረምት በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በእኔ ደመወዝ ሲሰላ በወር 157 ብር ከ50 ሳንቲም ቀርቶልኛል። ሰርቪሱ ሲቆም ግን አበሉ ተቀንሶም 480 ብር ወሰደብኝ። አዋጁ የሰጠኝን ማስታወቂያው ሦስት እጥፍ አድርጎ ተቀበለኝ።

በዚሁ መስከረም የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ደስ ብሎናል፣ እህቶቻችንም ናቸው። አቤቱታችንን ይዘን የተመላለስንበትን ኮሪደር የምታጸዳው እናት ዛሬ ከእኔ እጥፍ ገደማ ታገኛለች፤ ይገባታል፣ ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም። የእኛ ጥያቄ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉ የት አለ የሚል ነው። አዋጅ 1156 ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንቀጽ 55 መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም፣ እሱም በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንደሚያሻሽል ይገልጻል። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰፋሁት ሱሪ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ተብሎ የተነገረኝ ብር ግን የለም። ይህ ከድሬዳዋ አቅም በላይ መሆኑን እናውቃለን፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ ድምፅ ግን ከአቅማችሁ በላይ አይደለም።

«ደመወዝ ከተጨመረ ባለሀብቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል» የሚለውን መልስ ስለምናውቀው አስቀድመን እንነጋገርበት። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ፋብሪካ ከተዘጋ የምንጎዳው እኛ ነን፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እህቶቻችንን አይተናል። ነገር ግን እዚያ የሆነውን እናስታውስ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ተጠቃሚነት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ሰረዘች፤ ገዢዎች ወጡ፣ ማሽኖች ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ደመወዝ አስጨምራ አይደለም። ርካሽነቷ አላዳናትም። 

ሌላም ሒሳብ አለ። የምንሰፋው ልብስ የሚሸጠው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ140 ብር በላይ ነው። ያኔ ደመወዜ 2,300 ብር፣ ማለትም 40 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ 3,200 ብሩ 23 ዶላር አይሞላም። 900 ብር ተጨምሮልኝ ለአሠሪዬ በግማሽ ዋጋ ርካሽ ሆኜለታለሁ። ጨርቁና ክሩ ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው፣ እነሱም ወጪ ጨምሮባቸዋል፤ አንክድም። ግን የተወደደው ሁሉ ተከፍሎ፣ ያልተወደደች አንድ ነገር ብትኖር የእኛ ጉልበት ናት። ዘይት፣ ጤፍ፣ ሽንኩርት እኛን ሲያዩ ዋጋቸውን አይቀንሱም።

ስለ ትርፍ ሰዓት አላረዝምም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። በቀን ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል። በእኔ ደመወዝ ሲሰላ የቀኑ ትርፍ ሰዓት በሰዓት 23 ብር ይደርሳል። የሚከፈለን 16 ብር ነው። በረመዳን ወር ማግሪብ ሲደርስ ማሽን ላይ ተይዘው በቴምርና በውኃ ብቻ ያፈጠሩ ልጆችም የተከፈላቸው ያው 16 ብር ነው። በአሥር ሰዓት 70 ብር ልዩነት ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ከላይ ያለውን የ52 ብር ሒሳብ መልሶ ያንብብ።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። ይህ ወጣት የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለም፤ የኤጀንሲ ነው። ፋብሪካው ለኤጀንሲው በሰው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ደግሞ ከዚያ ላይ ቆርሶ ለእሱ ይሰጠዋል። ስንት ተከፍሎ ስንት እንደተቆረሰ እሱ አያውቅም፤ ውሉን አሳዩኝ ብሎ ሲጠይቅ «ምስጢር ነው» ተብሏል። የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ተምሮ የራሱን ዋጋ መደመር አልቻለም። ዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ ፋብሪካው ወደ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ወደ ፋብሪካው ይመራዋል። የእኛን ማኅበር ልግባ ቢልም የእኛ ባልደረባ አይደለህም ተብሎ ከበር ተመልሷል፤ እሱ በሚጠብቀው በር።

የምሽቱ ነገር ነው ከሁሉ የሚያስጨንቀን። ሁለተኛው ፈረቃ የሚለቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የሚሄደው በኮንትራት ብቻ ነው፤ 150 ብር። ሦስት አራት ሆነው ካልተዋጡ የማይቻል ነው። መጋላ በኩል የሚኖሩት ልጆች ደቻቱን፣ የወንዙን ደረቅ አሸዋ፣ አቋርጠው ይሄዳሉ። ድሬን የማያውቅ ሰው ደረቅ አሸዋ አቋርጦ መሄድ ምን አለበት ይላል። አንዲት ባልደረባችን በጥቅምት ወር እዚያው አሸዋ ላይ ስልኳንና የወር ደመወዟን ተቀምታለች፤ ደመወዝ የወጣ ዕለት ነበር፣ የሚያውቋት ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ዝናቡ ሐረር በኩል ተራራ ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው ይደርሳል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከእኛ መካከል ዘመድ ያጡ አሉ። ሰርቪሱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

እናቶችም አሉ። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህ በፋብሪካችን ይከበራል፤ የሚገባውን ምስጋና አንነፍግም። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ግን ሕፃኑን የት ታድርገው? ሞግዚት የምትጠይቀው ከእናቲቱ ደመወዝ ብዙ አያንስም። ባለፈው ዓመት ከላይናችን ከወለዱት አራት ሴቶች ሦስቱ አልተመለሱም። አንዷ ዛሬ አሸዋ ገበያ ልጇን አዝላ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ «ከእናንተ የተሻለ አገኛለሁ» ስትል ሰምቻታለሁ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ለእናቶቻቸው ትተው ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል።

ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ወንድሜ ከአራት ጓደኞቹ ጋር «ተደራጁ» ተብሎ ተደራጀ፤ ብሎኬት ሊያመርቱ። ሥልጠና ወሰዱ፣ ብድር ተፈቀደላቸው፣ ሼድ ተሰጣቸው። ሼዱ መብራት የለውም። ትራንስፎርመሩ እስኪመጣ ሰባት ወር በእጅ ሲያቦኩ ቆዩ፣ ብድሩ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆጥራል። ሲሚንቶ በሚመረትበት ከተማ ሲሚንቶ ያገኙት ከነጋዴ እጅ፣ በነጋዴ ዋጋ ነው። ዛሬ ከአምስቱ ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ፤ አንዱ በጅቡቲ በኩል ወጥቷል፣ የት እንደደረሰ አናውቅም። እነሱም በሪፖርቱ አምስት ሥራ ፈጣሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ወደ ጥያቄያችን ልለፍ። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አያቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በአንድ ደመወዝ ሰባት ልጅ አሳድጎ፣ ለገሀሬ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ሞቷል። ፈረንሳዮቹ ደግ ስለነበሩ አይደለም፤ አያቴ ስለ እነሱ ደግነት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ሠራተኛው አድማ እየመታ፣ እየታሰረም ያገኘው ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ቤት ቀርቶ አልጋ የለኝም፤ የምተኛው ፍራሽ ላይ ነው። ነሐሴ 2014 በከተማችን ነፃ የንግድ ቀጠናው ሲከፈት እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ አሁንም ተስፋ አልቆረጥንም። ለባለሀብት መሬት፣ ሼድ፣ የግብር እፎይታ ሲሰጥ ግን በልዋጩ ስለ ሠራተኛው የሚጠየቅ አንድ መስመር ይኑር ነው የምንለው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የምሽቱ ፈረቃ ሰርቪስ ከታኅሣሥ ወር በፊት እንዲመለስ ከአሠሪው ጋር አነጋግሩልን። የቀኑ ካልተቻለ አበሉ በእውነተኛው የባጃጅ ታሪፍ ይሰላ። ይህ አስቸኳይ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ እንዲቆይብን አንፈልግም።

«የሥራ ዕድል» ተብሎ የሚመዘገበው ሰው በገባበት ቀን ብቻ ሳይሆን በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይጠየቅ፤ አለ ወይስ ወጥቷል፣ ስንት ይከፈለዋል፣ ለምን ወጣ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የፋይዳ ቁጥሩ ይበቃል። ሪፖርቱ ሲነበብ ከሰው ብዛት ጎን የመነሻ ደመወዙም ይነበብ።

መሬት፣ ሼድ ወይም እፎይታ የተሰጠው ድርጅት የመነሻ ደመወዙን፣ የሰርቪሱንና የሕፃናት ማቆያውን ሁኔታ በውሉ ላይ እንዲያሰፍር፣ ያላከበረም እንዲጠየቅ ይደረግ። የሥራ ውል ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይዘጋጅ።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አስቀድመው ሳይደውሉ፣ በምሽት ፈረቃ ይምጡ። ከቢሮ ሳይሆን ከላይኑ ይጀምሩ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወረቀታችንን አዘጋጅተን እንጠብቃቸዋለን፤ የ14 ወር አለን።

ኤጀንሲዎች ከድርጅቱ የሚቀበሉትንና ለሠራተኛው የሚሰጡትን በአንድ ወረቀት ላይ ለሠራተኛው እንዲያሳዩ ግዴታ ይጣልባቸው።

የደመወዝ ቦርዱ ተቋቁሞ ሥራ እንዲጀምር የድሬዳዋን የኑሮ ዋጋ ጥናት አያይዛችሁ ለፌዴራል መንግሥት በጽሑፍ አቅርቡ፤ ደብዳቤውንም ለሕዝብ ይፋ አድርጉት። ለጥናቱ የሚሆን የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የአስቤዛ ዋጋ ከ28ቱም ወንበር ሰብስበን ልንሰጣችሁ ፈቃደኞች ነን።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ በማኅተም እንጠብቃለን። በቃል የተሰጠንን መልስ ከላይ ጽፈነዋል። ልታነጋግሩን ብትፈልጉ የዕረፍት ቀናችን እሑድ ነው፤ በሥራ ቀን ከሆነ ግን የአንድ ቀን ደመወዝ ስለሚቆረጥብን የጥሪ ወረቀት ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፤

በድሬዳዋ የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ መሠረታዊ የሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ፣
ስለ ሁለቱም ፈረቃ ሠራተኞች